በስውር የተጠገነ ፈትል

አንዲት ሴት ነበረች። ደርብ ልጄ፣ ዜማ ማስተማር ስትጀምር «አስተማሪ የተማሪውን ጉድለት ቢሸፍንለት ፍቅር ነው ወይስ ጥፋት?» ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ የእርሷን ነገር ልንገርህ።

ሴትዮዋ በደጋ አገር ሃያ የሚያህሉ በጎች ነበሯት። የምታረባቸው ለሥጋ አልነበረም፤ ለጠጉራቸው ነበር። በበጋ ትሸልታቸዋለች፣ ጠጉሩን ወንዝ ወርዳ ታጥባለች፣ አድርቃ ታፍታታለች፣ ከዚያ በእንዝርት ትፈትለዋለች። ከእርሷ ፈትል የተሠራ ባና፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የለበሰ ሰው ብርድ አያውቅም ይባል ነበር።

ብቻዋን መሥራት አልወደደችም። ከበረቱ አጠገብ ሰፊ ዳስ አሠራችና ማክሰኞና ሐሙስ ለፈለገ ሁሉ ክፍት አደረገችው። መፍተል መማር የሚሹ መጡ። ሙያ ያላቸውም ሥራቸውን ይዘው መጡ፤ አንዷ ስፌቷን፣ አንዷ ጥልፏን። አንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌም ጥግ ይዞ ክራሩን ይጫወትላቸው ነበር። ሰው ሳምንቱን ሙሉ እነዚያን ሁለት ቀኖች ይናፍቅ ጀመር።

ይህች ሴት ግን አንድ ድክመት ነበረባት። የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አትችልም። ጀማሪ የሚፈትለው ፈትል አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ቀጭን ነው፤ ሲስቡት ይበጠሳል። «ይህን ብነግራቸው ተስፋ ቆርጠው ይቀራሉ» ብላ ሰጋች። ስለዚህ «እንዝርታችሁን እዚሁ አስቀምጡልኝ» ትላቸዋለች። ሲሄዱ የእያንዳንዳቸውን ፈትል ትፈታና ክፉ ክፉውን ቆርጣ በራሷ ፈትል ትተካዋለች። ተማሪዎቹ ሲመለሱ የሚያምር ፈትል ያገኛሉ። «አየሽ፣ እጅሽ እኮ ተፍታታ» ትላቸዋለች። እነሱም ያምናሉ። ለምን አያምኑ?

ከተማሪዎቹ መካከል ባሏ የሞተባት አንዲት ወጣት እናት ነበረች። በአንድ ባለጸጋ ቤት እህል እየፈጨች፣ ውሃ እየቀዳች ሁለት ልጆቿን ታሳድጋለች። ሰባት ወር ከተማረች በኋላ ፈትሏን አይታ «እንግዲህ ሙያ አለኝ» አለች። የባለጸጋውን ቤት ለቀቀች። ከአንድ ሸማኔም ጋር ተስማማች፤ እሷ ቤቷ ሆና ትፈትልለታለች፣ እሱ በፈትሏ ለሠርግ የታዘዙትን ሦስት ባናዎች ይሠራል። አስተማሪዋ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ሆኖም አፏን አልከፈተችም። «ማን ያውቃል፣ ይሆንላት ይሆናል» ብላ ራሷን አታለለች።

አልሆነላትም። ሸማኔው ድሩን ገና ሲወጥረው እዚህም እዚያም ይበጠስ ጀመር። ጠቅልሎ ሰው ፊት መለሰላት። «የሠርጉ ቀን ደርሶብኛል። ይህ ድር ሊሆን ቀርቶ ጭራሮ እንኳ አያስርም» አላት። ወደ ባለጸጋው ቤት ብትመለስ በቦታዋ ሌላ ሴት ገብታለች።

ሐሙስ ቀን ወደ ዳሱ መጣች። በአስተማሪዋ ላይ አልተቆጣችም። ቁጣዋ ሌላ ጋ ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ ዘንድ ስፈትል እንዴት እንደሚያምርልኝ ሰው ሁሉ ያውቃል» አለች። «ቤቴ ስፈትል ነው የተበላሸው። ጎረቤቴ ናት! እየመጣች ‹አንቺማ ጎበዝ ሆነሻል› ትለኝ ነበር። ዐይኗ ነው ያረፈብኝ። ልጆቼ እሷ ደጅ እንዳይደርሱ ከልክያለሁ። ነገ ደግሞ መንደሩ በተሰበሰበበት ስሟን ጠርቼ አዋርዳታለሁ።»

«እውነትሽን ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?» አለች ከሴቶቹ አንዷ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

አስተማሪዋ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ክብሯ እንዳለ ይቆያል፤ ነውሩ ምንም ባላደረገች ጎረቤት ላይ ይወድቃል። እሷ ግን ተነሥታ ወደ ቤቷ ጓዳ ገባችና አንድ ቅርጫት አምጥታ መሬት ላይ ገለበጠችው። ለትራስ መሙያ ያጠራቀመችው ቁርጥራጭ ፈትል ነበር።

«የማንም ዐይን አይደለም» አለች። «ይህ እናንተ የፈተላችሁት ነው። እናንተ ስትሄዱ እየቆረጥኩ የራሴን እቀጥልበት ነበር። ሳመሰግናችሁ የኖርኩት በራሴ ፈትል ነው።»

ወጣቷ እናት ጎንበስ ብላ ከቁርጥራጩ አንዱን አነሣች። ሳብ ስታደርገው ተበጠሰ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ የገዛ ሥራዬን አላየሁም ማለት ነው» አለች። «ቢነግሩኝ አለቅስ ነበር፤ አልቅሼም እማር ነበር። አሁን ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን እያጣፉ አንድ በአንድ ወጡ።

በማግስቱ አስተማሪዋ ሸማኔው ዘንድ ሄዳ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ነገረችው፤ ለሦስቱም ባናዎች የሚበቃ ፈትል ከቤቷ አምጥታ ሰጠችው። ለወጣቷ እናት እህል ላከችላት። እህሉ ሳይነካ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ዳሱ ባዶ ሆነ። ሽማግሌው ብቻ ይመጣ ነበር፤ እሱም አይጫወትም።

በሦስተኛው ሳምንት ወጣቷ እናት መጣች። ይቅርታ የጠየቀቻትን ጎረቤቷንም አስከትላ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ እንዝርቴን ይዤው ነው የምሄደው» አለች። «እዚህ አላሳድረውም።»

«ይዘሽው ሂጂ።»

«ሲከፋም ከፋ ይበሉኝ።»

«እልሻለሁ።»

ተቀምጣ መፍተል ጀመረች። ብዙም ሳትቆይ ተበጠሰባት። አስተማሪዋ እጇን ልትዘረጋ ቃጣትና መልሳ ሰበሰበችው።

«ተበጠሰ» አለቻት። «ጠጉሩን በደንብ ሳታፍታቺው ስለ ጀመርሽ ነው። በይ እንደገና።»

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሸማኔው የወጣቷን ፈትል በጣቶቹ እያሸ አየው። «በድሩ መሃል ለሚተላለፈው ለማግ ይሆናል። ተወጥሮ ለሚሠራበት ለድሩ ግን ገና ነው» አላት። ይህን ይዛ እየሮጠች ወደ ዳሱ ሄደች። በሰባቱ ወር ከሰማችው ምስጋና ሁሉ ይልቅ ያች ቃል ደስ አሰኘቻት። ስለ ገዛ እጇ የተነገረች ነበረችና።

እንግዲህ ደርብ፣ አንተም እንደዚያች ሴት ነህ። ልብህ ደግ ነው፤ በዚያ አልነቅፍህም። ግን ደቀ መዝሙርህ ዜማው ሲጠፋበት ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታልፍለታለህ፤ እሱም ያወቀ ይመስለዋል። በበዓል ቀን ብቻውን ቆሞ ሲጠፋበት በማን ሊያሳብብ ነው? ጉድለቱን ለሌላ ሰው አለማውራትህ ፍቅር ነው፤ ይህን አትተው። ከራሱ መደበቅህ ግን በደል ነው። ሂድና ዛሬ ሲሳሳት ዝም በል፤ ስሕተቱን በገዛ ጆሮው ይስማው። ቢያለቅስም ጥለኸው አትነሣ።