የጅብ ሆድ የመሰከረላት

አንድ ጊዜ ዝናብ ጠፋና ወንዙ ሁሉ ደርቆ አንዲት ኩሬ ብቻ ተረፈች። አያ አንበሶ አውሬውን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ከኩሬዋ የሚጠጣው ዘመድ ብቻ ነው፤ ቀንድ፣ ሰኮና፣ ቅርፊት ወይም ደህና ጥፍር የሌለው ባዕድ ነው ብሎ አዋጅ አስነገረ።

በማግስቱ ሽታዬ የምትባል ሴት ባዶ ቅሏን ይዛ መጣች። ልጆቿ ቤት ውስጥ በውሃ ጥም ሊያልቁባት ነው። አውሬዎቹ ከበው ቆዳዋን አዩና ሳቁ። ጎሽ ይቺንማ እሾህ ይበሳታል አለ። የጥፍሯን ነገርማ ተዉት፤ ጃርት እንኳን አፈረላት። አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ፣ ባዕድ ከሆነች ለእኔ ትሰጠኝ ብሎ ለመነ። ሆዳም መቼ ፍርድ ይጠብቃል!

እመት ቀበሮ ብድግ አለች። ለሰው አዝና እንዳይመስላችሁ፤ ጅብ ጠግቦ ሲያድር ማየት አትወድም።

«አያ ጅቦ፣ ሆድህ የማይፈጨው ነገር አለ አሉ። እውነት ነው?»

ጅብ ተቆጣ። አጥንት እንደ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሲፎክር ቆየና ራሱን አከከ።

«ቀንድና ሰኮና፣ ጥፍርና ጠጉር ግን እምቢ ይለኛል። የጎሹም ይሁን የሰው፣ አንድ ላይ ተጠቅልሎ ይመለሳል።»

«ሰሙ ጌታዬ?» አለች ቀበሮ ወደ አንበሳ ዞራ። «ሆድ አይዋሽም፤ ሁሉንም እኩል የሚመልሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ ነው። ሁላችንም የለበስነው አንድ ክር ነው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይገመዳል፤ የጥንት ቅድመ አያታችን ናት ያወረሰችን። እርስዎ ጥፍር አደረጉት፣ ጎሽ ቀንድ አደረገው፣ ሰው ደግሞ ስስ አድርጎ ገላውን ሁሉ አለበሰው።»

ጎሽ አላመነም። ሽታዬን መዳፍሽን አሳዪኝ አላት። ዘረጋችለት። እንጨት ስትፈልጥና እህል ስትፈጭ የኖረችበት መዳፍ ነው። ጎሽ በምላሱ ላስ አደረገው።

«ይሄ እኮ የእኔ ሰኮና ነው» አለ።

«ስወለድ እንዲህ አልነበረም» አለች ሽታዬ። «በሠራሁበት ቁጥር ነው የጠነከረው። የላዩ ሞቶ የታቹን ያኖራል።»

አንበሳም «አዋጄ አይሻርም» አለ። «ዘመድ ናት፣ ትጠጣ።»

ሽታዬ ቅሏን ሞልታ ወደ ልጆቿ ሮጠች። አያ ጅቦም ራቱን ያሳጣው የገዛ አፉ መሆኑ ሳይገባው፣ ቀበሮን ደህና እደሪ ብሏት ሄደ።

ከዚህ የምንማረው ለስላሳውና ጠንካራው ከአንድ ክር እንደ ተፈተሉ፣ የሳሳ የመሰለንም ሲሠራበት እንደሚጠነክር ነው።