የጓንጉል ለምድ

አንድ ሰው ከልኩ በላይ ደረቱን ሲነፋ፣ የእኛ አገር ሰው አጠገቡ ያለውን በክርኑ ነካ አድርጎ አራት ቃል ይላል። ቃሎቹን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ የጓንጉልን ለምድ የሚያስታውስ ግን እምብዛም የለም።

ጓንጉል መልከ መልካም፣ ምላሱ የተባ ጎልማሳ ነበር። የባላምባራስ እንግዳሸትን ልጅ አንጓችን ወድዶ እህል ውሃ አላሰኘው ብሏል። ባላምባራስ ደግሞ በጎልማሳነታቸው አንበሳ ገድለዋልና፣ ግዳይ ለሌለው ወንድ ልጄን አልድርም ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ጓንጉል ይህን ሲሰማ ለአደን ነው ብሎ ቆላ ወረደ። በሦስተኛው ሳምንት የነብር ለምድ ይዞ ከች አለ። ለምዱ የአንድ ወጥመድ አጥማጅ ነበር፤ ጓንጉል በነብር ከመበላት አንድ ወይፈን ሰጥቶ መገላገልን መርጧል።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ቆዳው ላይ የጦር ቀዳዳ የለም። ስለዚህ ከግድግዳው ከፍ አድርጎ ሰቀለና «ለምድ ሲነካካ ግርማው ይረግፋል» እያለ እናቱን እንኳ አቧራውን እንዳታራግፍ ከለከላት። ክረምቱን ሙሉ ከአንዲት ተርብ በቀር የነካው አልነበረም። ይህቺ ተርብ እንደ ንብ መንጋ የላትም፣ ብቸኛ ናት። ጭቃዋን በአፏ እያመላለሰች በነብሩ አንገት እጥፋት ውስጥ ቤቷን ሠራች። ሠርታ ስትጨርስም አልፎከረችም።

መስከረም ሲጠባ ባላምባራስ ዘመድ አዝማድ ሰብስበው ጓንጉልን አስጠሩት። በዚያ ቀን ግዳዩን ካስመሰከረ አንጓች የእሱ ናት። እሱም ለምዱን ሳያራግፍ ደርቦ ሄደ።

ዳሱ ጢም ብሏል። ጓንጉል መሐል ገብቶ ይንጎራደድ፣ ይፎክር ጀመር። ነብሩ ከዋርካ ላይ እንዴት እንደዘለለበት፣ እሱ እንዴት ዓይኑን እንዳላሸ ተናገረ። አንጓች ከእናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ በኩራት ታየዋለች።

«ሲቧጭርህ አላመመህም?» ሲሉ ባላምባራስ ጠየቁት።

«ምን ያማል ጌታዬ፤ ዝንብ ያረፈብኝ ነው የመሰለኝ።»

ይህን ብሎ አንገቱን ቀና ቢያደርግ፣ የለምዱ እጥፋት ተርቢቱን ከማጅራቱ ጋር አጣበቃት። እሷስ ምን ታድርግ፣ ነደፈችው። ጓንጉል እናቱን እየተጣራ ለምዱን ወረወረና የዳሱን ምሰሶ በግንባሩ ገጭቶ ወጣ። ወደ ወንዙ ሲሮጥ ከኋላው የነብር መንጋ የሚያባርረው ይመስል ነበር።

ለምዱ የወደቀው ባላምባራስ ጭን ላይ ነው። ሽማግሌው አገላብጠው አዩት፤ የጦር ምልክት ቢፈልጉ ያገኙት የጭቃ ቤት ብቻ ሆነ።

«ታዲያ ይሄ ነብር በሳቅ ነው የሞተው?» አሉ።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አንጓች ግን አልሳቀችም፤ ወድዳው ነበርና አፈረች፣ ፊቷንም በነጠላዋ ሸፈነች።

በዳሱ ጥግ አያ ቢሻው ተቀምጠዋል። በጎልማሳነታቸው ከነብር ተናንቀው ሁለት ጣታቸውን ያጡ፣ ስለዚያ ነገር ግን አንድ ቀን ፎክረው የማያውቁ ሰው ናቸው። ተርቢቱ ተመልሳ ከጭቃ ቤቷ ላይ ስታርፍ አዩ፤ ከዚያ ወደ ወንዙ አሻግረው ተመለከቱና በጎደለው እጃቸው እያመለከቱ «ነብር ለብሶ ከተርብ ሸሸ» አሉ።