የሚያመላልሰው ድረ ገጽ

አቶ ይበልጣል የሚባሉ፣ ስም መቀያየር የሚወዱ የአንድ ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ኃላፊ ነበሩ። የቢሮው ድረ ገጽ ሊመረቅ ሳምንት ሲቀረው የኮምፒውተር ባለሙያዋን ጠርተው፣ «‹ፈቃድ› የሚለውን የገጽ አድራሻ ‹የላቀ ፈቃድ› በይው» አሏት። ቀየረችው፤ የድሮውን አድራሻ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳይጠፋም ወደ አዲሱ እንዲመራ አደረገች።

በምረቃው ጠዋት ደግሞ፣ «አልወደድኩትም፤ የድሮውን መልሺልኝ!» አሏት። እሷም በጥድፊያ አዲሱን ወደ ድሮው መራችና የድሮውን ወደ አዲሱ የሚመራውን የፊተኛውን ትእዛዝ ማጥፋት ረሳች።

እንግዳውና ባለጉዳዩ በተሰበሰበበት ኃላፊው ድረ ገጹን የሚከፍተውን ቁልፍ ተጫኑ። የድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ ላከ፤ አዲሱ ወደ ድሮው መለሰ። ገጹ እንዲህ ሲሽከረከር ቆይቶ፣ «መድረስ አልተቻለም» ብሎ ቆመ።

የአቶ ይበልጣል የግንባር ሥር ተገታተረ። «አዋረድሽኝ! ሥራውን እንዳበላሸሽ እዚሁ ሰው ፊት እመኚና ዕቃሽን ሰብስቢ!»

ጥፋቱ የእሷም እንደሆነ ታውቃለች፤ እንጀራዋ ግን ከምላሷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ክቡር ኃላፊ፣ ኧረ ምንም አልተበላሸ!» አለች። «ባለጉዳይን ከቢሮ ቁጥር አራት ወደ ስድስት፣ ከስድስት መልሶ ወደ አራት መስደድን እኛ ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። ይሄ ግን በተቀጠረበት ቀን ለመደው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ ይበልጣልም ከእንግዶቹ ጋር መሳቅ ግድ ሆነባቸውና ማባረሩን ዋጡት። ለፈቃድ ሦስት ወር የተመላለሱ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሳይስቁ፣ «እንዲያውም የደረጃ እድገት ይገባዋል» አሉ።