ታንኳው እስኪደርቅ

አንድ ሐይቅ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ፣ የሚቀዝፍ ሰው በውሃ ላይ ይሂድ በደመና ላይ የማይለይበት። በዳርቻው የሚኖሩ ሰዎች ታንኳቸውን የሚያስሩት ከደንገል፣ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ቄጠማ ነበር። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከቀዘፋ የተመለሰ ሁሉ ታንኳውን አውጥቶ ድንጋዩ ላይ ያቆምና ለፀሐይ ይሰጠዋል። የማን ታንኳ ምን ያህል እንደሚያንጠባጥብ መንደሩ በሙሉ ያያል። በዚህ የሚያፍር ሰው አልነበረም።

አትጠገብ የምትባል ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት የራሷ ታንኳ ታሰረላት። ታንጉት የምትባል አብሮ አደግ ጓደኛም ነበረቻት። ከማዶ እየቀዘፈ የሚመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ አትጠገብ እሱን ስታይ መቅዘፊያው ከእጇ ያመልጣታል። ይህን የምታውቀው ታንጉት ብቻ ነበረች። አንድ ቀን ግን ውሃ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ልጃገረዶች፣ "አትጠገብ፣ መቅዘፊያሽን ጠበቅ አድርጊ! መጣልሽ!" ብለው ተንከተከቱ። ታንጉትም መካከላቸው ተቀምጣ ትስቅ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ አትጠገብ ማንም እንዲያያት አልፈለገችም። ስትመለስ ታንኳዋን ደንገሉ ጥሻ ውስጥ ትደብቀዋለች። እናቷ ከትሪው ላይ የምትተወው ምግብ እንደበዛ አይታ "ምን ሆንሽ፣ ልጄ?" ስትላት፣ "ምንም" ትላለች። በህልሟ ስትቀዝፍ፣ ዳርቻው እንደ ሰው ፊቱን እያዞረ ይሸሻታል።

ታንኳው በየቀኑ ከበደ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጫፉ ውሃ ውስጥ ገባ። በዚህ መሃል ታንጉት ለትምህርት ወደ ሩቅ ከተማ ልትሄድ መሆኑ ተሰማ። አራት ቀን ቀርቷት ነበር።

"ትሂድ" አለች አትጠገብ ለራሷ። "አልሰናበታትም። ከእንግዲህ ጓደኛ የለኝም።"

በዚያው ቀን ታንኳውን ወዳሰሩላት ሽማግሌ ሄደች።

"አያ ሽባባው፣ ያሰሩልኝ ታንኳ የማይረባ ነው። ይፍቱልኝና ይጣል።"

ሽማግሌው አብረዋት ወርደው ጥሻው ውስጥ ገብተው ታንኳውን በእግራቸው ነካ አደረጉት።

"ፀሐይ ካየ ስንት ጊዜው ነው?"

አትጠገብ አቀረቀረች።

"እኔ እርጥብ ታንኳ ፈትቼ አላውቅም" አሉ። "ውሃ የጠጣ ሁሉ የተበላሸ ይመስላል። አውጥተሽ አድርቂው። ደርቆም ካስጠላሽ ያን ጊዜ አምጪው፤ በገዛ እጄ እፈታዋለሁ።"

"እንግዲያው ይርዱኝና እናውጣው።"

"በዚህ ወገቤ?" ሽማግሌው ሳቁ። "ሰው ጥሪ እንጂ! እንዲህ የጠጣ ታንኳ ለብቻ አይወጣም" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አትጠገብ ብቻዋን ጎተተች። አልነቃነቅ አለ። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ዋጣት። ቀና ስትል ዳርቻው ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታንጉት፣ ከተማ የምትወስደውን ልብስ እያሰጣች።

አትጠገብ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። በመጨረሻ፣

"ታንጉት... ከበደኝ" አለች።

ታንጉት ከነቀሚሷ ውሃ ውስጥ ገባች። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ሆነው ተሸከሙት። ከደንገሉ የሚወርደው ውሃ የሁለቱንም ጀርባ አራሰው።

"አንቺ ነሽ የነገርሽብኝ" አለች አትጠገብ፣ ሳትዞር።

"እኔ ነኝ። እነሱ እንዲወዱኝ ብዬ። ቤት ስገባ ራሴን ጠላሁት።"

"ያማል እኮ!"

"አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።" ታንጉት ታንኳውን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና፣ "እዚያ ከተማ አንድም ሰው አላውቅም፣ አትጠገብ። እፈራለሁ" አለች።

አትጠገብ ቆመች። ያን ሁሉ ቀን የከበደው እሷን ብቻ ይመስላት ነበር።

ታንኳውን ድንጋዩ ላይ አቁመው ሦስት ቀን ጥላው ሥር ዋሉ። አንዴ ያወራሉ፣ አንዴ ይኳረፋሉ፣ መልሰው ይስቃሉ። ልጃገረዶቹ አልፈው ሲሄዱ ደግሞ አሾፉ፤ ይህን ጊዜ ታንጉት አልሳቀችም። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ አለቀ። በአራተኛው ቀን አትጠገብ ታንኳውን ብቻዋን አነሳችው። ታንጉትን ማዶ ያደረሰቻትም እሷ ናት። ተቃቅፈው አለቀሱና ተለያዩ። ታንኳው ሳይፈታ ቀረ።

በዚያ ዕድሜ ያለ ልብ እንደ ደንገል ነው፤ ፍቅሩንም፣ ሀፍረቱንም፣ ቁጣውንም ይጠጣል። በመጠጣቱ አይፈረድበትም፤ ተፈጥሮው ነው። የሚያሰምጠው ተደብቆ መክረሙ ነው። ስለዚህ ልጆች፣ ልባችሁ እርጥብ ሳለ ጓደኛ አትቁረጡ፤ ስለ ራሳችሁም ክፉ አትወስኑ። እኛ ወላጆችም "ምንም" ሲሉን አምነን አንለፋቸው፤ ሲያንጠባጥቡ ብናይም አንሳቅባቸው።

እስቲ አስቡ፤ "ከበደኝ" የምትሉት ሰው ማን ነው? ይህችኑ ቃል ለእናንተ ሊላችሁ ፈልጎ፣ አፉን ከፍቶ መልሶ የሚዘጋ ሰውስ በአጠገባችሁ የለም?