ልዑሉ ሲጾም

ከባሕር ማዶ በአንድ የካቶሊክ አገር፣ ኋላ ቅዱስ የተባለ የአሥራ ሰባት ዓመት ልዑል ነበር። ደግ ልጅ ነው፤ ክፋቱ ጾም ማብዛቱ ነው። በዚያ ቤተ መንግሥት ልዑሉ ዳቦ ሳይቆርስ ማንም እህል አይቀምስም። እሱ ደግሞ በነጋ በጠባ አዲስ ጾም አያጣም። እሱ ጸሎት ቤት ሲንበረከክ አርባ አሽከር ጓዳ ውስጥ ሆዱን ይዞ ይቀመጣል።

ከሁሉ የባሰባት ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች። ሌላው ዳቦውን በሐሳቡ ነው የሚያየው፤ እሷ ግን ትኩሱን ከምድጃ እያወጣች ታሸተዋለች። በአንዱ ጾም በሦስተኛው ቀን የዳቦውን ጠርዝ ቆርሳ ስትጎርስ የግብር ቤቱ አዛዥ ያዛትና ልዑሉ ፊት አቆማት።

«ጌታዬ፣ ይቺ ሴት ከእርስዎ ቀድማ በልታለች! ትባረር!»

ልዑሉ አዘነ። «እኔ ሦስት ቀን ስታገሥ አንቺ እንዴት አቃተሽ?» አላት።

ሴትዮዋ አፏን ጠርጋ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ ሆዴስ ለምዶታል። እዚህ ቤት ድመቷ እንኳ ሳትቀር እየጾመች ነው። ሁሉ ከጾመ የእርስዎ ጾም በምን ይለያል? ነገ ቅዱስ ተብለው ሥዕልዎ ሲሳል፣ አርባችንም ‹እኛም አብረን ጾመናል፣ ካልተሳልን› ብለን እናስቸግርዎታለን። አንድ ሰው እንኳ በልቶ ይገኝልዎት ብዬ፣ የራሴን ጽድቅ ትቼ ጎረስኩ።»

ልዑሉ ሳቁን መያዝ አቃተው። ዳቦ አስመጥቶ ቆረሰና እሱ ሳይቀምስ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለአዛዡ ሰጠው። አዛዡ ስለ ማባረሩ ገና የሚለው ነበረው፤ ግን አፉ ሞልቶ ነበር።