ነሐሴ ላይ የመጣው የመስከረም ወፍ

ተረት ተረት! የላሙን በረት አልፈን ከዶሮው ቆጥ ሥር እንቀመጥ።

ነሐሴ ገና ሳያልቅ፣ ዝናቡም ሳያባራ፣ አንድ ችኩል የመስከረም ወፍ መጥቶ ከአንድ ቤት አጥር ላይ ጉብ አለ።

«አንተ! ጊዜህ ገና ነው እኮ!» አለው ከሥሩ የሚጭረው አውራ ዶሮ።

«አውቃለሁ ጌታዬ፤ ግን እንዲህ ያለ ቀይ ላባ ለብሼ ጫካ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ!» አለና ወፉ እየዘለለ ይጨፍር ጀመር።

አውራው ደግሞ ወሬ ሳይናገር ከዋለ ያመዋል። ጣራው ላይ ወጥቶ፣ «መስከረም ጠባ! ወፉ መጣ! መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ!» እያለ ጮኸ። ይኼኔ አህያው አናፋ፤ ጥጆቹ ጅራታቸውን ቀስረው ፈነጠዙ፤ ውሻው የገዛ ጅራቱን ሲያባርር ጭቃው ላይ ተንከባለለ።

ነገር የምታሰላስል አንዲት ዶሮ ብቻ አንገቷን ዘመም አድርጋ፣ «አያ አውራ፣ አምና ለእንቁጣጣሽ የነበረው አውራ የት ደረሰ?» ስትል ጠየቀችው።

አውራው ክንፉን እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ።

ወዲያው ከቤት ውስጥ የእመቤቲቱ ድምፅ ተሰማ። «ውይ! መስከረም ጠባ እንዴ? እኔ ምን ነክቶኝ ነው የረሳሁት! በሉ ለዶሮው ውሃ ጣዱ!»

«ተሳስቼ ነው እመቤቴ!» አለ አውራው። «አጥሩ ላይ ያየሁት ወፍ አይደለም፤ ቀይ በርበሬ ነው!»

«እሰይ የኔ ጌታ!» አለች እመቤቲቱ። «በርበሬውንም አገኘህልኝ?»

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ፤ ወጡ ይቅርብኝ።