ለአንበሳ ስንት ቃል ይገባዋል?

እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ክቡር ጆሯችሁ ውስጥ ስለማስገባቴ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተረት ተረት ስላችሁም «የላም በረት» ለማለት አትድከሙ፤ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

አንዲት ጦጣ፣ እንስሳት ለማን እንዴት ብለው እንደሚናገሩ ልታጠና፣ የጫካው መልእክተኛ የሆነውን ወጠጤ ፍየል እየተከተለች ትውል ነበር። አንድ ቀን ሰደድ እሳት ተነሣና ፍየሉ ሊያስጠነቅቅ ሮጠ።

መንገድ ላይ አይጥን ሲያገኛት «አንቺ፣ እሳት!» አላት። ወዲያው ጉድጓዷ ገባች።

ዝሆን ዘንድ ጥቂት ቆይቶ አንበሳ ፊት ሲደርስ ግን ተንበረከከ። «ግርማዎ ጫካውን የሚያስፈራ ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ? እመቤታችንስ? ደቦሎቹስ? የትናንቱ ቁርጥማትስ ተሻለዎ? ድፍረት አይሁንብኝና፣ በስተኋላዎ...»

«እሳት» ሳይል የአንበሳ ጅራት ተያያዘ።

አንበሳ ወንዝ ውስጥ ዘሎ ተረፈ። ከዚያም ጦጣን አስጠርቶ «እስቲ አንቺ የምታጠኚው፣ ይኼ ፍየል ምን ነካው?» አላት።

ጦጣ ጽሑፏን ገለጠች። «ጌታዬ፣ ለአይጥ የተናገራት ሁለት ቃል ናት። ለእርስዎ አሥራ አራት ደርሷል፤ ያውም ሳይጨርስ።»

«አሥራ አራት?» አለ አንበሳ፣ ጅራቱ ገና እየጨሰ። «ለዝሆንስ?»

«አሥራ ሁለት። የተለበለበውም ጆሯቸው ብቻ ነው።»

«አሥራ ሁለት ብቻ!» አለና አንበሳ በደስታ አገሳ። ፍየሉንም እዚያው የእሳት አስጠንቃቂዎች ሁሉ አለቃ አድርጎ ሾመው።

ተረቴን አትመልሱ፣ አፌንም አታብሱ፤ ብቻ አደራችሁን ለማንም እንዳትደግሙት፣ በተለይ ሹመት ለሚጠብቅ።